የባዘዘው ጆሮ

«አንቺ ሰንበቴ፣ ይኼ ከነጠላሽ ሥር የሚታየው ምንድን ነው?»

ወለተ ኪዳን ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነበር። ነገር ግን ወለተ ኪዳን ስታንሾካሹክ ከሌላው ሰው ጩኸት ብዙም አይተናነስምና፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሙሉ ቀና አሉ።

ወለተ ሰንበት አልመለሰችላትም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጉንጯ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ቀኑ የባሏ የባዘዘው ሠልስት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፤ ንፍሮው ታድሏል፤ ከሉማሜም ከዙሪያውም የመጣው ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ይቀመጣል። እሷም ፍራሹ ላይ ሆና ለገባው ሁሉ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። ልቧ ግን ከሰው ጋር አልነበረም።

«እኮ ምንድን ነው?» ወለተ ኪዳን እጇን ሰደደችና ከነጠላው ሥር የወጣችውን ጥቁር ሽቦ መዘዘቻት። የሽቦዋ ጫፍ ከወለተ ሰንበት ጆሮ ወልቃ ፍራሹ ላይ ወደቀች። ለቅሶው ጋብ ያለበት ሰዓት ስለነበር፣ ከዚያች ከባቄላ ፍሬ ከማትበልጥ ነገር የሚወጣው ድምፅ ለሁሉም ተሰማ። ከበሮ ነው። ከበሮውም የማኅሌት አልነበረም፤ ጭብጨባና እልልታ ያለበት፣ ትከሻ የሚያስነሳ የዘፈን ከበሮ ነው።

«ኧረግ! ኧረግ በወንድሜ ሞት! ዘፈን?» አለች ወለተ ኪዳን። አሁንስ ማንሾካሾኩንም ትታዋለች።

ከባሕር ዳር ለለቅሶው የመጣችው የወለተ ሰንበት ልጅ ሔዋን የንፍሮ ሳሕኑን አስቀምጣ ሮጠች። ክብሪት የምታክለውን ማጫወቻ ከእናቷ ጉያ አውጥታ አጠፋችና ኪሷ ከተተቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው መናኸሪያ ደረሰ። ከድንኳኑ ሲወጣ «የባዘዘው ሚስት በባሏ ሠልስት ዘፈን ስትሰማ ተያዘች» የሚል ነበር። ሻይ ቤቶቹን አልፎ ገበያው ጋ ሲደርስ «እስክስታ ስትመታ ተያዘች» ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሰው ያላወቀው፣ ወለተ ሰንበት የፈለገችው ዘፈን እንዳልነበረ ነው። የፈለገችው ባሏን ነው። ባዘዘው ሲሞት ያች ሽቦ በሁለቱም ጆሮው ላይ ነበረች። ምን እየሰማ እንደ ሄደ ማወቅ አለባት። ለምን ማወቅ እንዳለባት ደግሞ ለማንም፣ ለሔዋንም እንኳ፣ አልተናገረችም።

ባዘዘው ከመንገዱ ዳር ካለው ወፍጮ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ሲያገባት ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት፤ ሲገነዝም ከጆሮው ጀርባ ዱቄት ወጥቶለታል። ድንጋዩ ሲዶለዱም ይወቅራል፣ ቺንጋው ሲላላ ያጠብቃል፣ ዱቄቱ ይላም አይላም በሁለት ጣቱ አሽቶ ያውቃል። ዝምተኛ ነው። ወለተ ሰንበት ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረባትም። «የሁለታችንን እኔ እናገራለሁ፤ የሁለታችንን እሱ ይሰማል» ትል ነበር በደጉ ጊዜ።

ደጉ ጊዜ ያለፈው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ባዘዘው አንድ ቀን ከሙራድ ሱቅ ያችን ማጫወቻ ገዝቶ፣ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። መጀመሪያ ሳቀችበት። «በስተርጅና ጎረምሳ አገባሁ» ብላ ለጎረቤት አወራች። ውሎ አድሮ ግን ሳቁ ቀረ። ባዘዘው ምሳውን በልቶ ደጃፍ ካለችው መደብ ላይ ይቀመጥና ሽቦዎቹን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዳንዴ ብቻውን ፈገግ ይላል። አንዳንዴም ራሱን ይነቀንቃል። ማታም ከመተኛቱ በፊት እንዲሁ ነው።

ብታናግረው አይመልስም። ሽቦው ጆሮው ላይ ሲሆን አይመልስም፤ ሳይሆንም አይመልስም። በጣም የሚያናድደው ደግሞ ጨርሶ የማይመልስ አለመሆኑ ነበር። ሰኞ «ጨው አልቋል» ትለዋለች፤ ግድግዳ ይሆንባታል። ማክሰኞ ማታ ጨው ይዞ ይመጣል። ረቡዕ «ሔዋን ደወለች ወይ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ ዝም። ሐሙስ ቁርስ ላይ፣ እሷ የጠየቀችውን ከረሳች በኋላ፣ «ሔዋን ደህና ናት፤ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ በስልክ ጽፋለች» ይላታል።

«ትናንት የተናገርሁትን ዛሬ ይመልሳል» ብላ ለወለተ ኪዳን ነገረቻት። «እሳቱ ከጠፋ በኋላ ውኃ ይዞ ይመጣል። እኔን ለማቃጠል ነው።»

«ወንድሜ ጅል ሆነ» አለች ወለተ ኪዳን፤ እሱ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ወለተ ሰንበት ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ፍቅረ ሥላሴ ከሰሰችው። ቄሱም ባዘዘውን ከቤተ ክርስቲያን ጓሮ ይዘው በጣታቸው ወደ ጆሯቸው እያመለከቱ «ጾም ነው ልጄ፤ ዘፈኑን ተው» አሉት። «ዘፈን አይደለም አባ» አላቸው። ታዲያ ምንድን ነው ቢሉት አልተናገረም። እሱ ግን ታዛዥ ሰው ነበር። ማጫወቻውን ከራስጌው ካለው ችንካር ላይ ሰቀለና ኀምሳ አምስት ቀን ሙሉ አልነካውም። በእነዚያ ኀምሳ አምስት ቀናት ወለተ ሰንበት የተናገረችውን አንዲት ነገር አልመለሰላትም፤ በማግሥቱም ቢሆን። ጨው አልቆ ቀረ። «እልህ ይዞታል» አለች። ፋሲካ እንደ ገባ ግን ዶሮውን ሳይቀምስ ሽቦውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ አይታዋለች፤ የዘፈን ሱስ ነው ብላ ናቀችው።

የሞተው ግንቦት ውስጥ፣ ሰኞ ቀን ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ስለ ዶሮዋ አወራችው፤ ዶሮዋ ከጎረቤት ሄዳ መጣሏን፣ ጎረቤቲቱም እንቁላሉን አልሰጥም ማለቷን። ዝም። ለምሳ ሲመጣ ስለ ጣራው አነሳችበት።

«ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ቆርቆሮው ያፈስሳል። ማንን ላናግር?»

ባዘዘው ጀርባውን ሰጥቷት ይጎርሳል።

«ባዘዘው! አንተ ባዘዘው! እኔ ሰው አይደለሁም?»

ዞር እንኳ አላለም። ዞር ቢል ምን ነበረበት? እንባዋ መጣ። አራት ዓመት ያጠራቀመችው ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለ።

«አፈር ይጫንህ!» አለችው። ድስቱን አንስታ በሩን በኃይል ዘግታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ድስቱን አጠበች። ተቀምጣ ምስር ለቀመች። ምስሩን ለቅማ ሳትጨርስ ወፍጮ ቤት የሚጠብቁ ሴቶች መጥተው «ባዘዘው ወፍጮውን ያስነሳልን» ብለው ተጣሩ። እሷም ልትቀሰቅሰው ሄደች። መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሽቦው ጆሮው ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ነበር። ትከሻውን ስትነካው ወደ እሷ አዘነበለ። ልቡ ነው አሉ በኋላ የሚያውቁት።

በማግሥቱ አፈር ተጫነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወለተ ሰንበት ያችን ቃል ለመመለስ ደረቷን መታች፣ ፊቷን ነጨች፣ ቃሏ ግን አልተመለሰችም። በቀብሩ ዕለት ወለተ ኪዳን የወንድሟን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያነሳች አለቀሰች። ዱቄት የጠጣ ቆቡን አነሳች። ድንጋይ የሚወቅርበትን መዶሻ አነሳች። ማጫወቻው ላይ ስትደርስ «ይኼማ አይለቀስበትም» ብላ ወደ ጥግ ወረወረችው። ወለተ ሰንበት ቀስ ብላ ሄዳ አነሳችው። ያ ፈገግታ ለምን እንደ ነበር ካወቀች ምናልባት ትተኛ ይሆናል። ቃሏን ሰምቶ ተቀይሞ ነው የሞተ? ወይስ ንቋት፣ ከአንድ ዘፋኝ ጋር ሆኖ ሄደ? የቱ እንደሚሻላት ራሷም አላወቀችም።

ስለዚህ ነው በሠልስቱ ነጠላ ሥር ተደብቃ የሰማችው። አሥራ ሁለት ዘፈን አለው። አሥራ ሁለቱንም ሰማች። ስለ ወገብ ነው፤ ስለ ጥርስ ነው፤ አንዷ ስለ ጎንደር መንገድ ናት። ስለ አሮጊት ሚስት የሚያወራ አንድም የለበትም።

ባለ ሱቁ ሙራድ የመጣው በሰባተኛው ቀን ነው። ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሄዶ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልደረሰም። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ቤት ውስጥ ወለተ ሰንበት፣ ሔዋንና ወለተ ኪዳን ብቻ ነበሩ። ሙራድ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናዎ እትዬ። ጋሼን ሳልቀብር ቀረሁ» አለና አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይቶ «ማጫወቻዋስ? አብራው ተቀበረች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሔዋን ፊቷን አጠቆረች። «ለምን ጠየቅህ? በእሷ ምክንያት እናቴ የሰው መሳቂያ ሆናለች። ዘፈን ጭነህ የሸጥህለት አንተ አይደለህ?»

«ዘፈን?» አለ ሙራድ። «ጋሼ ባዘዘው ዘፈን አይሰማም እኮ።»

«አሥራ ሁለት ዘፈን አለው» አለች ወለተ ሰንበት። ከሠልስቱ ወዲህ ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«እሱን እኔ ነኝ የጫንሁት። ምርቃት ነው፤ ባዶ ዕቃ ለደንበኛ አይሰጥም ብዬ። አንድ ቀንም አልከፈታቸውም።» ሙራድ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠ። «ይኼን ለማንም አትንገር ብሎ አደራ ጥሎብኛል። አሁን ግን ማንን እደብቃለሁ? ጋሼ አይሰማም ነበር፣ እትዬ።»

«ምኑን?»

«ምንም። ጆሮው አይሰማም ነበር። ወፍጮው በልቶታል።»

ወለተ ኪዳን እንኳ አፏን ከፍታ ቀረች።

ሙራድ ያን ቀን እንዳስታወሰው ነገራቸው። ባዘዘው ሱቁ ገብቶ በሩን ከኋላው ገጭ አደረገና «አፍህን ጆሮዬ ላይ አድርገህ አናግረኝ» አለው። ባለ ወፍጮው ካወቀ በማግሥቱ ያሰናብተዋል። ወፍጮ የሚያሠራ ሰው የድንጋዩን መዶልዶም በድምፁ ነው የሚለየው። ባዘዘው ግን መዳፉን የወፍጮው ሣጥን ላይ ለጥፎ በንዝረቱ መለየት ተምሯል፤ እስካሁን ማንም አልነቃበትም። በልመና የሚኖር እንዳይሆን፣ ሔዋንም ኮሌጅ ሳትጨርስ እንዳትቀር፣ መደበቅ አለበት።

«ለሚስትህ ንገራት አልሁት» አለ ሙራድ። «እንዲህ አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ ‹ሰንበቴ ከማር የጣመች ናት፤ ግን ምንጭ ወርዳ እስክትመለስ ሉማሜ ሁሉ ያውቃል› አለኝ።»

ወለተ ሰንበት አልተቀየመችም። እውነት ነው።

«‹ታዲያ ምን ላድርግልህ?› ስለው፣ ‹ድምፅ የምትቀዳ ትንሽ ዕቃ አለችህ?› አለኝ። ‹ሰንበቴ ቀኑን ሙሉ ታወራኛለች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እንዳለች አላውቅም። ዕቃዋ ትቅዳልኝና፣ ኋላ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ ጆሮዬ ውስጥ ልስማት።› ሽቦው እስከ ጥግ ሲከፈት ይሰማዋል፤ ሰው በአፉ የሚያወጣው ግን አይደርስለትም ነበር።»

ወለተ ሰንበት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰኞ የተናገረችው፣ ማክሰኞ የሚመጣው ጨው። ረቡዕ የጠየቀችው፣ ሐሙስ የሚመለሰው። ከዚያም ሁዳዴ ትዝ አላት፤ ያ ኀምሳ አምስት ቀን። ሄዳ ለቄስ የከሰሰችው እሷ ናት። ድምፅዋን ከጆሮው ላይ በገዛ እጇ አውልቃ ችንካር ላይ የሰቀለችበት እሷ ናት። ደግሞም እልኸኛ ብላዋለች።

«ውሸት ነው» አለች ሔዋን፤ አባባሏ ግን ውሸት እንዲሆን የምትለምን ይመስል ነበር። ልብስ ሣጥን ውስጥ ደብቃው የነበረውን ማጫወቻ አውጥታ ለሙራድ ሰጠችው። የባትሪ ድንጋዩ አልቋል። ሙራድ ከኪሱ አዲስ አውጥቶ ከተተ። ትንሿ መስኮት ሰማያዊ ሆና በራች።

«ይኼው፤ ስትከፈት ወደ ዘፈኑ ነው የምትሄደው። እናንተም እሱን ነው ያያችሁ። ድምፅ ያለው እዚህ ነው» አለና ሁለት ጊዜ ተጫነ። የማይክሮፎን ሥዕል መጣች። ከሥሯ ቀን በቀን የተደረደረ ዝርዝር ነበር፤ ሙራድ ወደ ታች ቢያወርደው ቢያወርደው አላልቅ አለ። «ጋሼ አያጠፋም። ስትሞላ ያመጣልኝና ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ሰምቼው አላውቅም፤ በአላህ እምላለሁ። የአራት ዓመት ወሬዎ እኔ ሱቅ ተቀምጧል፣ እትዬ።»

በዚህ ጊዜ ወለተ ኪዳን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ... እኔ የመጣሁበትም ቀን አለበት?»

«ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ይኖርበታል» አለ ሙራድ።

ወለተ ኪዳን ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ጅል ሆነ ብዬዋለሁ» አለች። «አጠገቡ ሆኜ። በማግሥቱ ዱቄቴን ራሱ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ሲያወርደው ‹ጅልም ቢሆን ወንድም ነው› አለኝ። ማን ነገረው ብዬ ሳምንት ሙሉ ሰው ስጠረጥር ከረምሁ።» ከዚያ በኋላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ሹክሹክታም ጩኸትም ያልሆነ ልቅሶ አለቀሰች።

ወለተ ሰንበት ግን ዓይኗ ከማጫወቻው ላይ አልተነቀለም።

«የሰኞውን» አለች። «የሞተበትን ሰኞ።»

«እማ፣ ይቆይ» አለች ሔዋን።

«የሰኞውን አልሁ!»

ሙራድ ፈልጎ አገኘው። ሽቦውን ሰጣትና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ድምፁን አልቀነሰውም ነበር፤ ባዘዘው በተወበት እስከ ጥግ ተከፍቷል። ወለተ ሰንበት ሽቦውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ደነገጠች። የገዛ ድምፅዋ ነው። እንዲህ ቀጭን መሆኑን አታውቅም ነበር። «ያች ዶሮ ደግሞ ሄዳ ከሰው ቤት ትጣልልኛለች? ‹ከቤቴ የተጣለ የቤቴ ነው› አለችኝ እኮ!» ትላለች። ከሥሯ የባዘዘው እስትንፋስ ይሰማል፤ ዕቃዋ ደረቱ ላይ ስለነበረች እስትንፋሱ ከእሷ ቃል ይቀርባል። አንዳንዴ ጭልጥ ያለ ዝምታ አለ፤ አንዳንዴ የልብሱ መፋተግ። ሔዋን እጇን ያዘቻት።

ረጅም ነበር። የዶሮዋ ነገር አለቀ። የበሩ ድምፅ ተሰማና ወዲያው ምሳው ሆነ፤ ሲወጣ እያቆመ ሲገባ ይከፍታት ነበር ማለት ነው። ጣራው መጣ። «ማንን ላናግር?» መጣ። ወለተ ሰንበት የምትመጣውን ቃል ስለምታውቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«አፈር ይጫንህ!»

በሩ ተላተመ። ድስቱ ተንኳኳ። ከዚያ የማኘክ ድምፅ ብቻ ቀረ። ባዘዘው ጉርሻውን ዋጠ፤ ውኃ ጠጣ፤ በርጩማው ጮኸች። ከዚያም በጣም ከቅርብ፣ ጆሮዋ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ለራሱ ተናገረ።

«ዛሬ ተቆጥታለች። በሩን እንዲህ ስትዘጋ ወለሉ ይነግረኛል።» ትንሽ ሳቅ አለ። «ይሁን፣ ሰንበቴ። ኋላ እሰማሻለሁ።»

ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አለቀ።

ወለተ ሰንበት ሽቦውን ከጆሮዋ አላወጣችም። ሔዋን ከሁኔታዋ ፈርታ «እማ? ምን አለ? ምን አለሽ?» አለቻት። ወለተ ሰንበት ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረች፤ ቃሏን፣ በሩን፣ ምስሩን፣ ሁሉን። ሰባት ቀን ያፈነችው ነው። ወለተ ኪዳን ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ «ጅል» ያለችው ትዝ አላት መሰለኝ፣ መልሳ ዘጋችው።

«እዚያ ድረስ ሰምቶ ይሆን?» ብላ ሔዋን ሙራድን ጠየቀችው። «ሲሞት የት ላይ ነበር?»

«አይታወቅም» አለ ሙራድ። «ሽቦውን ሲያወጡለት ዕቃዋን አጥፍተዋት መሆን አለበት።»

«ያጠፋኋት እኔ ነኝ» አለች ወለተ ኪዳን ከነጠላዋ ሥር።

ወለተ ሰንበት በልቧ አሰበችው። ከተቀመጠ ጀምሮ ድስት አጥባለች፤ ምስር ለቅማ አልጨረሰችም። የዶሮዋ ወሬ ብቻውን ከዚያ ጊዜ ይረዝማል። ፈገግ ያለው ዶሮዋ ላይ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ምስሩ ስንት እንደ ነበር እንኳ በትክክል አታስታውስም።

«ማክሰኞ ይነግረኝ ነበር» አለች። «ሰምቶ እንደሆነ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ማክሰኞ መልሱን ይነግረኝ ነበር።»

ማክሰኞ ደግሞ የቀብሩ ቀን ነው።

ሙራድ ሲነሣ ደጅ ድረስ ሸኘችው። ጫማውን እስኪያጠልቅ ጠብቃ፣ «የምትቀዳበት የቱ ነው? አሳየኝ» አለችው። አሳያት። ቀይዋን ነጥብ፣ አንዴ ተጭኖ መጀመር፣ አንዴ ተጭኖ ማቆም። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲህ ባለው ሳምንት ወሬው እንደ ገና ተነሣ፤ አሁን ግን አቅጣጫውን ቀይሯል። ባዘዘው እንደማይሰማ፣ ደግሞም ሁሉንም እንደ ሰማ፣ ሉማሜ አወቀ። አጠገቡ ቁጭ ብለው የሰው ስም ያጠፉ ሁሉ ያሉትን ማስታወስ ጀመሩ። ከእነሱም አንዳንዶቹ ለሁለተኛ ጊዜ ለቅሶ ደረሱ፤ ምናልባት ምን እንደ ቀረ ሊሰልሉ ነው። ቄስ ፍቅረ ሥላሴም መጡ። «‹ዘፈን አይደለም› ብሎኝ ነበር» አሉና ዘንጋቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ሲወጡ ወለተ ሰንበትን መስቀላቸውን አሳልመው፣ ችንካሩ ላይ ወደ ተሰቀለችው ማጫወቻ ዞረው ትንሽ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። አይታቸዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጸሎቱ ተደርሶ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ሔዋን እህል ልታስፈጭ ወጣች። ወፍጮውን አሁን ሌላ ሰው ነው የሚያስነሣው። ድምፁ እንደ ቀድሞው እስከ ቤቱ ይመጣል።

ወለተ ሰንበት ማጫወቻዋን ከችንካሩ አወረደች። መደቡ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ጎን ተቀመጠች። ቀይዋን ነጥብ ተጫነች። መጀመሪያ ምን እንደምትል ጠፋት፤ በሕይወቷ ቃል ሲጠፋት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ግን እንደ ልማዷ ወጣላት።

«ሰው ብዙ መጥቶልሃል» አለች። «ከሮብ ገበያ ድረስ መጥተዋል። እህትህ ክፉኛ አለቀሰች፤ ጅል ያለችህን ተወው፣ አፏ ነው። ጣራውን የእድሩ ሰዎች ወጥተው ደፍነውታል፤ ስለ ጣራው አታስብ። ጎረቤታችንም እንቁላሉን ይዛ መጣች፤ ለለቅሶ ነው አለች፤ ተቀበልኋት፤ ምን ላድርግ? ሔዋን ነገ ትሄዳለች። አዲሱ ሰውዬ ዱቄቱን ያሻክረዋል፤ ሴቶቹ ሁሉ ያሙታል።»

የወፍጮው ድምፅ ገባ።

«ያን ቀን የተናገርሁህን...» እሱ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ በእጇ ዳሰሰች። «አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም፣ ባዘዘው። ይቅር በለኝ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ የምትበላ መስሎኝ ነው። ዞር ብለህ ብታየኝ አልልህም ነበር። ደግሞ ያን ሁዳዴ። እሱንም ይቅር በለኝ።» በነጠላዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ጨውም አልቋል» አለች በመጨረሻ፤ ሌላ የምትለው ስላጣች።

ነጥቧን ተጭና አቆመች። ድምፁ እሱ በተወው ልክ እስከ ጥግ እንደ ተከፈተ መሆኑን አረጋገጠች፤ ከዚያ ባነሰ እሱ አይሰማም። ወደ ውስጥ ገባችና አልጋው ላይ በእሱ በኩል ያለውን ትራስ በመዳፏ አስተካከለች። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች፣ አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ፣ በጭንቅላቱ ልክ አድርጋ ትራሱ ላይ አስቀመጠቻቸው።